የጓያ ዱካ

እትዬ ደብሪቱ ማረፏን የሰማሁት ደባርቅ ገበያ፣ ጫማ ሰፊው ዘንድ ቁጭ ብዬ ነው። የእኔ ቀኝ ጫማ ሁልጊዜ አፍንጫው ላይ ያልቃል። ሰፊው እኩያዬ ነው፤ ባየኝ ቁጥር ያንኑ ይጠይቀኛል።

«ግራው አዲስ ነው፣ ቀኙ አልቋል። አንተ ሰውዬ፣ በአንድ እግርህ ነው እንዴ የምትሄደው?»

«ዝም ብለህ ስፋ» እለዋለሁ እኔም።

ያን ዕለትም ይህንኑ ስንባባል ስልኬ ጮኸ። የእትዬ ደብሪቱ ልጅ እናኑ ናት። «አያ አስማረ» አለች። ከአጠራሯ ገባኝ።

«መቼ?» አልኋት።

«ዛሬ ጠዋት። ፊቷን ታጥባ፣ ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ሳለች። ቀብሩ ነገ ነው።»

«ቃሬዛውን እኔ እይዛለሁ። ያለ እኔ እንዳታነሷት።»

«አያ አስማረ፣ ጎረምሶች ሞልተዋል እኮ። ያንን ዳገት በዚያ እግርህ...»

«እይዛለሁ አልሁሽ።»

ሰፊው ገና ግማሹን ነበር የሰፋው። ጫማውን ከእጁ ነጥቄ ተነሣሁ። ዳባት ድረስ በሚኒባስ፣ ከዳባት በታች በእግሬ። መንገዱን ሁሉ የማስበው እሷን ነበር። እሷ ፊደል ስላልቆጠረች ስለ ራሷ የጻፈችው የለም። እኔ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ የለየኋት ፊደል አለችኝና እንደሆነችልኝ እጽፋለሁ።

እትዬ ደብሪቱ ጎረቤቴ ናት። አጥራችን አንድ ነው። ቀጭን ሴት ነበረች፣ ድምፅዋ ግን ወፍራም። ሁለቱም እግሮቿ ጓያ የሰበራቸው ናቸው። በረጅም ዘንግ ተደግፋ፣ ጉልበቶቿ እየተሻሹ፣ የእግሯን ጣቶች መሬት ላይ እየጎተተች ነው የምትሄደው። በአቧራ ላይ ያለፈች እንደሆነ ሁለት የተጫረ መስመርና የዘንጓ ጉድጓድ ይቀራል። ሕፃን እንኳ ያንን ዱካ አይቶ «እማማ ደብሪቱ በዚህ አልፈዋል» ይላል።

ቤት ስትገባ ሰላምታዋ እንደ ሰው አልነበረም። መጀመሪያ ወደ ምድጃው ትሄዳለች፣ በዘንጓ ጫፍ የድስቱን ክዳን ብድግ ታደርግና ታያለች፣ ከዚያ በኋላ ነው «እንዴት ዋላችሁ» የምትለው። ስንት ሴት ተቀይማታለች። «ክዳን ከፋቿ» ይሏት ነበር ከኋላዋ። ሰምታለች። «ዘግተው ከሚያበሉ መክፈት ይሻላል» ብላ ስቃለች።

ይህን ለማያውቅ ሰው ነገሩን ላስረዳ። እኛ ያለነው ዋልካው ላይ ነው። ጥቁር መሬት፣ በክረምት ውሃ የሚቋጥር። ጤፉ በበዛ ዝናብ ሲበሰብስ ወይ በረዶ ሲመታው የሚተርፈን ጓያ ብቻ ነው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ጭቃው ላይ ትበትነዋለህ፤ ከዚያ ወዲያ አንድ ጠብታ ሳያይ፣ መሬቱ በያዘው እርጥበት ብቻ ሰማያዊ አበባ ያወጣል፣ ያፈራል። እንዲህ ያለ ደግ እህል ነው። ግን ለብቻው ወር ሁለት ወር የተበላ እንደሆነ ሰው ይሰብራል። ማታ ደኅና የነበረ ሰው ጠዋት ሲነሣ ጉልበቱ አልታዘዝ ይለዋል። ከሄደ ደግሞ አይመለስም።

በእኛ አገር ጓያ የሚሰብረው በእንፋሎቱ ነው ይባል ነበር። ሲቀቀል የሚወጣው እንፋሎት ያገኘው ሰው ይሰበራል። በጤዛ ማሳው ውስጥ የሄደ፣ ገለባው ላይ የተኛ ይሰበራል። ስለዚህ ሴቶቻችን ድስቱን ከድነው የክዳኑን ዙሪያ በሊጥ ይመርጉታል። ሲከፍቱትም ፊታቸውን በነጠላ ሸፍነው ነው። ወንዶቹ ማሳው ዳር ስንደርስ እግራችንን በጋቢ ጠቅልለን እንሮጣለን። እህሉን ግን እንበላለን። የተቀቀለበትን ውሃ እንኳ አንደፋም፤ ጉልበቱ ያለው እሱ ላይ ነው ብለን ጨው ጣል አድርገን እንጠጣዋለን። አሁን ስጽፈው ያስቀኛል። ያን ጊዜ ግን የሚስቅ አልነበረም።

እሷ ይህ ስሕተት መሆኑን ያወቀችው ማንም ሳይነግራት ነው። አንድ ጊዜ አጥሩ ላይ ተደግፋ እንዲህ ብላ ነገረችኝ፦

«ሙሽራ ሆኜ የገባሁት በክፉ ዓመት ነው። የአማቴ ፊት ከድስቱ አይነሣም ነበር፤ ዕድሜዋን ሙሉ ጓያ ቀቅላለች። ጥርስ ግን የላትም፤ ንፍሮ አትበላም። የቀረችውን ጥቂት በሶ ለእሷ ተዉላት። እኔን ደግሞ ሙሽራ ናት፣ አትድከም ብለው ድስት አያስነኩኝም። ሙሽራ አትራብ እያሉ ንፍሮውን ለእኔ ያበዙልኛል። አየህ፣ ወደውኝ ነው። አማቴ በእግሯ ገበያ ደርሳ መጥታ ሞተች። እኔ ይኸው። ታዲያ እንፋሎቱ ከሆነ የሚሰብረው ማን ነበር መሰበር ያለበት?»

«እንግዲህ የፈጣሪ ሥራ ነው» አልኋት።

«ፈጣሪን ተወው፣ አስማረ። ይህን ለማወቅ ጥርስ የሌላት አማት ትበቃለች።»

ከዚያ ጀምሮ በራሷ ድስት ስትሞክር ኖራለች። ጓያውን ትለቅማለች፣ ታጥባለች፣ በብዙ ውሃ ትነክራለች፤ ውሃው ከእህሉ በላይ አንድ ስንዝር መቆም አለበት። ያድራል። ጠዋት ያንን ውሃ ትደፋለች። ደግሞ በአዲስ ውሃ፣ ድስቱን ሳትከድን ትቀቅላለች፣ ያንንም ትደፋለች። እንዲያው ሜዳ ላይ አይደለም፤ ከብት እንዳይጠጣው እሾህ ያጠረችው ጉድጓድ አላት። ከዚያ በፀሐይ ታደርቃለች፣ ታምሳለች፣ ትከካለች፣ አንድ እጅ ጓያ ከሦስት እጅ ሌላ እህል ጋር ደባልቃ ታስፈጫለች። እሸቱንማ ማንም እንዲቀምስ አትፈቅድም። ሁልጊዜ የምትለው አንድ ነው፦ «ውሃው ይሂድ፣ እግሩ ይቅር።»

እኔ በዚህ ሁሉ እስቅባት ነበር። እህል አጥባ የምትደፋ ሴት እላታለሁ።

ከዚያ በረዶው መጣ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው፤ ጳጉሜ ላይ። ገብሱንም ጤፉንም በአንድ ከሰዓት ከመሬት ጋር አጣበቀው። መስከረም ላይ የቀረንን ጓያ ጭቃው ላይ በተንን። ጥር ላይ ጎተራ የገባው እሱ ብቻ ነው። ከወረዳ ትንሽ ስንዴ ተከፋፈልን። ሁላችንም ያሰብነው አንድ ነገር ነው፦ መጀመሪያ ስንዴውን እንብላ፣ ሲያልቅ ወደ ጓያው እንሄዳለን።

እትዬ ደብሪቱ ይህን ስትሰማ በየቤቱ ዞረች። «አብረው ይለቁ!» ትላለች። «ስንዴው ቀድሞ ካለቀ ሰኔ ላይ ጓያ ለብቻው ልትበሉ ነው። ከዛሬ ጀምራችሁ ደባልቁ።» ሰው ይሰማትና እሺ ይላታል፤ እሷ ስትወጣ ክዳኑን ይመርጋል።

የቅበላ እሑድ ሰንበቴ ቤቱ ጓሮ ትልቅ ድስት ጣደች። ጓያ ነው። ሕዝቡ ከቅዳሴ ሲወጣ ድስቱ ይፈላል። ሰው በሩቁ ቆመ።

«የምትፈሩት ይሄንን ነው» አለችና ክዳኑን በዘንጓ ጥላ ፊቷን እንፋሎቱ ላይ ደፋች። ሴቶቹ ወደ ኋላ ሸሹ። አንዷ አማተበች።

እኔ ከወንዶቹ መካከል ሆኜ፣ «እትዬ፣ የተሰበረ እግር ሁለተኛ ይሰበራል እንዴ? አንቺማ ምን ይቀርብሻል!» አልሁ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ቄሰ ገበዙ እንኳ ፂማቸውን ያዝ አደረጉ።

ቀና አለች። ፊቷ በላብ ርሷል። «እውነቱን ነው» አለች። «እኔ ምስክር አልሆንም። እግር ያለው ይምጣ። ና አንተ፣ አስማረ።»

«እኔ?»

«አንተ እንጂ። ወይስ ፈራህ?»

ፈርቻለሁ። ግን ያን ሁሉ ሰው ካሳቅሁ በኋላ ወዴት ልሂድ? ሄጄ ድንጋዩ ላይ ተቀመጥሁ። እንፋሎቱ በጋቢዬ ሥር ገባ። ጉልበቴን በሁለት እጄ አጥብቄ ይዣለሁ።

«ጉልበትህን ልቀቀው፣ የትም አይሮጥም» አለችኝ። ደግሞ ሳቁ፤ አሁን በእኔ።

ሰዓቱ ረዘመብኝ። በመጨረሻ ብድግ አልሁ። እግሬን አነሣሁ፣ ጣልሁ። ደኅና ነው። ደስ ብሎኝ እዚያው እስክስታ ወረድሁ። ወንዶቹ አጨበጨቡ።

«አያችሁ?» አለች እሷ። «እንፋሎቱ ሰው አይሰብርም። የሚሰብረው ሳይነከር፣ ለብቻው፣ ቀን በቀን የሚበላው ነው።»

የእኔ ባለቤት ያምሮት ነበረች የጠየቀቻት። «እትዬ ደብሪቱ፣ ምንጩ ገደል ሥር ነው፤ አህያ እንኳ አይወርደውም። የምንጠጣው ሳይኖረን ለሚደፋ ውሃ ማን ይወርዳል?»

«ወንዶቹ» አለች።

በእኛ አገር ወንድ ውሃ አይቀዳም። ሚስቱ አራስ ብትሆን እንኳ ጎረቤት ትቀዳለታለች እንጂ።

«ወንድ እንስራ አዝሎ?» አልሁ እኔ።

«እንስራ ካሳፈረህ ጀሪካን ያዝ።»

«እኔ አስማረ ገደል ወርጄ ውሃ አልቀዳም። ደግሞስ ምን ሆንሁ? አሁን አላያችሁኝም?»

ይህ ነው የእኔ ጥፋት። እሷ ሁለት ነገር ተናገረች፤ እኔ የሰማሁት አንዱን ብቻ ነው። እንፋሎቱ ካልሰበረኝ ጓያው ሁሉ የፈሪ ወሬ ነው ብዬ ደመደምሁ። ያምሮት በአቅሟ የምትቀዳውን ቀድታ የራሷን ድርሻ እየነከረች ከስንዴ ጋር ስትበላ፣ እኔ የእኔን ሳይነከር አስቀቀልሁ። «ውሃ የወሰደውን ጣዕም አልበላም» አልኋት። ጾሙ ከገባ ጀምሮ ጠዋት ንፍሮ፣ እርሻ ላይ ንፍሮ፣ ማታ ንፍሮ። እትዬ ደብሪቱ በአጥሩ በኩል ስታልፍ እያየችኝ በእፍኜ ሙሉ እቅም ነበር። «በርታ» ትለኛለች። ሌላ አትልም።

መጋቢት አጋማሽ ላይ ከእርሻ ስመለስ ቁልቁለቱን መውረድ አቃተኝ። ባቴ እንደ ገመድ ተቋጠረ። ስቆም ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል። ለያምሮት ወገቤን ብርድ መቶኝ ነው አልኋት። ለራሴም እንደዚያው ነገርሁት።

ከሳምንት በኋላ ጠዋት እትዬ ደብሪቱ ደጄ ቆማ መሬቱን ታያለች።

«አስማረ!»

«አቤት እትዬ።»

«እኔ ትናንት እዚህ መጥቻለሁ?»

«አልመጣሽም።»

«ከትናንት ወዲያስ?»

«ኧረ አልመጣሽም። ምን ነው?»

«እንግዲያው የእኔን ዱካ ከየት አመጣኸው?»

ወደ መሬቱ አየሁ። ከበሩ እስከ በረቱ የእኔ እርምጃ ነው። ግራው ደኅና ነው። ከቀኙ አፍንጫ ግን፣ ከአንዱ እርምጃ እስከ ሌላው፣ እንደ ጣት የቀጠነ መስመር ተጎትቷል።

«ጫማው ሰፍቶኝ ነው» አልኋት።

«አውልቅና ሂድልኝ።»

«አልሄድም።»

ዘንጓን አጥሩ ላይ አስደገፈችና ግንዱ ላይ ተቀመጠች። አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ እኔም እቆጣ ነበር።

«እኔም አማቴ ሂጂልኝ ብትለኝ ወገቤን አሞኛል አልኋት» አለች። «ሙሽራ ነኝ፤ አፈርሁ። ሁለት ሳምንት ዋሸሁ፣ ሁለት ሳምንት እየዋሸሁ በላሁ። መጀመሪያ የሄደው አንዱ እግሬ ነበር። ሁለተኛው የሄደው በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ነው። አስማረ፣ ወገብህን ነው የሚያምህ?»

ጫማዬን አወለቅሁ። ከበሩ እስከ በረቱ ሄድሁላት። ተመልሼም መጣሁ። ያምሮት ምድጃው ዘንድ ሆና አየችኝና እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ቀኙ ነው» አለች እትዬ ደብሪቱ። «ግራህ ገና አለ። ንፍሮው የት ነው?»

አወጣሁላት። ራሷ ወስዳ ጉድጓዷ ውስጥ ደፋችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጓያ የሚባል ነገር በአፌ እንዳይገባ ከለከለችኝ። የምበላውን ከራሷ ስንዴ ከፍላ፣ ከሽንኩርትና ከጎመን ጋር ለያምሮት አቀበለቻት። ልትወጣ ስትል ዞር ብላ፣ «ሆሳዕና ዕለት በሰው ፊት ትሄድልኛለህ» አለችኝ።

«ምን ልሁን ብዬ?»

«አሁንም ክዳን የሚመርጉ ቤቶች አሉ። እኔ ብናገር፣ እሷማ ሰው ሁሉ እንደሷ ይመስላታል ይሉኛል። አንተን ግን ያምናሉ። እንፋሎቱ ላይ ተቀምጠህ ጨፍረህላቸዋላ።»

«መሳቂያ አልሆንም።»

«አንተ መሳቂያ ሁን፣ ሌላው ይሂድ።»

ሦስት ቀን አላናገርኋትም። በአጥሩ ሳልፍ ፊቴን አዞራለሁ። እሷ ግን እኔን ሳይሆን እግሬን እያየች «እንዴት አደርህ» ትለዋለች። ለእግሬ ነው ሰላምታዋ።

ሆሳዕና ደረሰ። ሕዝቡ የዘንባባ ቀለበቱን በጣቱ አድርጎ ከቅዳሴ ወጣ። እሷ ወደ ቄሰ ገበዙ ጠጋ ብላ፣ «አባ፣ አስማረ የሚናገረው አለው» አለቻቸው።

«ተናገር ልጄ» አሉኝ። እኔን፣ ሽበታሙን ሰው። ጫማዬን አውልቄ ከደጀ ሰላሙ እስከ ደወሉ ሄድሁ። ቀኝ እግሬ አቧራውን ሲጭር ይሰማል። ይስቃሉ ብዬ ነበር። አንድም የሳቀ የለም።

ደወሉ ዘንድ ደርሼ ዞርሁ። «ይኸውላችሁ» አልሁ። «እንፋሎቱ ላይ ስቀመጥ አይታችኋል። እሱ ምንም አላደረገኝም። ይሄን ያደረገኝ የበላሁት ነው። እትዬ ደብሪቱ ነግራኝ ነበር። ውሃ መቅዳት አፍሬ ነው።»

ከዚህ ሌላ የተናገርሁት የለም። ዕድሜዬን ሙሉ እንደዚያ አጭር ተናግሬ አላውቅም።

እሷ ከሴቶቹ መካከል ዘንጓን ብድግ አደረገች። «ነገ ጠዋት ጀሪካን ይዞ ምንጩ ዘንድ የማይገኝ ወንድ ካለ፣ ደጁ መጥቼ ዱካውን አነብለታለሁ!»

በማግስቱ ገና ፀሐይ ሳትወጣ ቀድሜ የወረድሁ እኔ ነኝ። ገደሉን ቁጭ ብዬ እየተንሸራተትሁ ወረድሁ። ግማሽ ጀሪካን ነው የቻልሁት። ስወጣ ሌሎቹ ሲወርዱ አገኘኋቸው፤ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ እርስ በርስ ላለመተያየት አንገታቸውን ደፍተው፣ ግን ጀሪካን ይዘው። አንዱ «አያ አስማረ፣ እንስራ አዝለህ ከሴቶቹ ጋር ሰልፍ ያዝ!» አለኝ። «አንተም ከኋላዬ ነህ» አልሁት። እየሳቅን ተላለፍን። ከዚያ ወዲያ ያሳፈረን የለም። ዛሬ በእኛ መንደር ወንድ ውሃ ሲቀዳ የሚገርመው ሰው ከሌላ አገር የመጣ ነው።

ክዳኖቹ ተከፈቱ። ስንዴውና ጓያው አብረው እስከ ሐምሌ ደረሱ። በዚያ ክፉ ዓመት ከእኛ መንደር ጓያ የሰበረው ሰው እኔ ብቻ ነኝ፤ እሱም በአንድ እግር ጣት። እሷ ግን አልፎከረችም። አንድ ቀን ብቻ፣ ልጆች ሜዳው ላይ ኳስ ሲራገጡ ደጇ ተቀምጣ አየኋት። «ስንት እግር ነው የሚሮጠው?» አለችኝ። «መች ቆጠርሁት» አልኋት። «እኔ ቆጥሬዋለሁ» አለች፤ ቁጥሩን ግን አልነገረችኝም።

ከዚያ በኋላ አንድ የግብርና ባለሙያ መጥቶ ሰበሰበን። ወጣት ነው፣ ወረቀት ይዟል። ንከሩ፣ ድፉ፣ ቀቅሉ፣ ድፉ፣ ደባልቁ አለን። እኛ ሁላችን ወደ እሷ እናያለን። ሲጨርስ፣ «ልጄ፣ ይሄን የት ተማርኸው?» አለችው። «ዩኒቨርሲቲ ነው፣ እማማ» አላት። «ጎበዝ። እኔ በሁለት እግር ነው የተማርሁት» አለችው። ልጁ ደነገጠ፤ ቀጥሎ ግን ወረቀቱን አጥፎ አጠገቧ ተቀመጠና ይጠይቃት ጀመር። ብዙ ቆዩ። በመጨረሻ እሱ፣ «አንድ ነገር ግን አለ፣ እማማ። ታጥቦም ተቀቅሎም መርዙ ሙሉ በሙሉ አይለቅም። ይቀንሳል እንጂ» አላት። አሰበችበት። «ለዚህ ነው ለብቻው የማይበላው። ለዚህ ነው ሌላ እህል ሲገኝ የሚተወው» አለችና ወደ እኔ ዞራ፣ «አስማረ፣ አንተ ፊደል ታውቃለህ፤ ይሄንን አንድ ቀን ጻፈው» አለችኝ።

ይኸው ጻፍሁት።

የቀብሯ ዕለት ሕዝቡ ከየመንደሩ መጣ። ከማዶ የመጡትን አብዛኛዎቹን አላውቃቸውም። አንዲት ሴት «እኔ ቤት ገብተው ክዳን ከፍተውብኝ ነበር፤ ተቀይሜ ሳልታረቃቸው» እያለች ታለቅሳለች። እናኑ የእናቷን ዘንግ አስከሬኑ ጎን አኖረችው።

ቃሬዛውን ሊያነሡ ሲሉ ገፋ አድርጌ የፊቱን ቀኝ ያዝሁ። እናኑ አየችኝና ገለል አለችልኝ። ተነሣን። ወደ ደብሩ የሚወስደው ዳገት ረጅም ነው፣ አቧራው ቁርጭምጭሚት ይደርሳል። እሷ አልከበደችም፤ ቀጭን ሴት ናት። የከበደኝ እግሬ ነው። አጋማሹ ላይ ቀኝ ጫማዬ ድንጋይ ነክቶ፣ ሰፊው ያልጨረሰው አፍንጫው ተከፈተ። ተደናቀፍሁ። ከኋላዬ ያለው ጎረምሳ፣ «አያ አስማረ፣ ልተካህ» አለኝ።

«ዝም ብለህ ሂድ» አልሁት።

ሄድን። ደጀ ሰላሙን አለፍን፣ ያን ጊዜ የሄድሁበትን መሬት አለፍን፣ ደወሉን አለፍን። አንድ ጊዜም ሳላቀብል አደረስኋት። ስናወርዳት ቄሰ ገበዙ እግሬን አዩ፣ ፊቴን አዩ። «ይበቃሃል፣ ልጄ» አሉኝ።

አፈር ከለበሰች በኋላ ሰው ቀድሞ ወረደ። እኔ ቀስ ብዬ ከኋላ ስመጣ መንገዱን አየሁት። ያ ሁሉ ሰው ነው የረገጠው። ሽማግሌው፣ ሴቱ፣ ልጁ። አቧራው ላይ ዱካ በዱካ ተነባብሯል፤ ሁሉም ተረከዙና ጣቱ የተለየ፣ ሙሉ ነው። የእሷን ፈለግሁ፤ ከልምድ ነው። ሁለቱ መስመርና የዘንጓ ጉድጓድ የሉም። ከታች ጀምሮ እስከ ደብሩ ድረስ፣ በዚያ ሁሉ እግር መካከል፣ የተጎተተው አንድ ቀጭን መስመር ብቻ ነው። የእኔ።

ከእኔ ወዲያ ያ መስመር በእኛ መንደር መሬት ላይ አይታይም። ደባርቅ ያለው ጫማ ሰፊም ቀኙን ብቻ የሚያሰፋ ደንበኛ ከዋልካው አይመጣለትም።

በሚቀጥለው ገበያ ሄጄ ነግሬዋለሁ። ስፌቱን ሲጨርስ ጫማውን አገላብጦ አየና፣ «እንግዲያው ይሄን በደንብ ላጥብቀው» አለኝ።

«አጥብቀው» አልሁት።